የትኛው ሽማግሌ?

ፓላሽዳንጋ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1983

ለሱታፓ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከዱርጋ በዓል በኋላ ለታላቅ ሰው ሰላምታ መጻፍ ወግ ነው ብለሽ፣ በመልክ የማታውቂኝን ሴትዮ «ዲዲማ» ብለሽ ጠርተሽ፣ እግሬን በወረቀት ስመሽ ልከሽልኛል። ባል ሳላገባ፣ ልጅ ሳልወልድ አያት አደረግሽኝ እኮ! ይሁን፣ ተቀብያለሁ። እደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።

ስለ ፊደል ግድፈትሽ ምንም አልልም። ሠላሳ አራት ዓመት ሴቶች ልጆችን አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አይጠፋም፤ ለእንግዳ ግን ነውር ነው። ሰባት ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። አዎ፣ ግቢው የኔ ነው። አዎ፣ በ1932 እንደነበረው ነው ያለው፤ ለማደስ ዐቅሙም ሰውም አልነበረኝም። ኩሬውም አለ። ሦስት መቶ የኮሌጅ ተማሪ ይዤ ፊልም ልቀርጽ እመጣለሁ ያልሽው ላይ ግን አንድ ዜሮ ተርፎ ከሆነ አርሚ።

የእንግሊዝን ባንዲራ ከፍርድ ቤቱ ጣሪያ ሊያወርዱ የተማማሉት ተማሪዎች አምስት ነበሩ ማለትሽ ልክ ነው። ኒርማልና አንድ ጓደኛው ተሰቀሉ፤ ሁለቱ ከባሕር ማዶ እስር ቤት አልተመለሱም። የአራቱ ስም ትምህርት ቤቱ ደጅ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። አምስተኛውን «ከሃዲው ቡሮ» ብለሽ ጽፈሻል፤ «ቤተሰቦቹ የት እንዳሉ ያውቁ እንደሆነ» ብለሽም ጠይቀሻል። አውቃለሁ። ካሜራሽን ልትተክዪበት በጠየቅሽው ግቢ ውስጥ ናቸው። ቡሮ ወንድሜ ነው።

ስሙ ሂማንግሹ ነው። ቡሮ የቤት ስሙ ነው፤ ሲወለድ ፊቱ ጭምድድ ያለ ስለነበር አክስቶቼ «ቡሮ መጣ፣ ሽማግሌው መጣ!» ብለው ሳቁና ቡሮ እንደተባለ በዚያው ቀረ። አገሩ የሚያውቀውም የሚረግመውም በዚሁ ስም ነው።

ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊ። ከዚህ በኋላ ባትጽፊም አልቀየምም፤ ለምጄዋለሁ።

ሻይላባላ


ካልካታ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1983

ዲዲማ፣

እግርዎን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ይቅር ካላሉኝ አልለቅም። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ትራም ላይ ቆሜ ነው፤ መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው የሰነበትኩት።

ዜሮው አልተረፈም፤ ሦስት መቶ ነን። ሁላችንም ተማሪዎች ነን፤ ዋና አዘጋጇ እኔ ራሴ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ካሜራው የውሰት ነው፣ የፖሊሶቹን ልብስ የሰፉት እናቶቻችን ናቸው፣ ባቡሩን ደግሞ ገና አላገኘነውም። ያየን ሁሉ «አብዳችኋል እንዴ?» ይለናል። እኔ ማወቅ የምፈልገው በእኛ ዕድሜ የነበሩ ልጆች፣ እንደኛው ፈተና የሚፈሩ፣ እንደኛው ሴት ሲያዩ የሚንተባተቡ ልጆች፣ እንዴት አድርገው ለዚያ ነገር እንደቆረጡ ነው። እኛ ኮሌጅ ሰው የሚጣላው ለውጤት ብቻ ነው።

ስለ ቡሮ ከራሴ አልፈጠርኩም። ወረዳውን ያስተዳድር የነበረው እንግሊዛዊ ሹም በጻፈው ሪፖርት ላይ «ከቡሮ በደረሰን ጥቆማ መሠረት» ይላል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የከተማችሁ የታሪክ መጽሐፍም ያንኑ ነው የደገመው። የክህደቱን ትዕይንት ቀርጸን ጨርሰናል። እውነቱን ልንገርዎትና፣ እስካሁን ከቀረጽነው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አሁን ግን ላየው አልፈልግም።

ለብቻ አጣጥፌ የከተትኳት ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ።

ሱታፓዎ


ፓላሽዳንጋ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1983

ሱታፓ፣

እግሬን ልቀቂው፤ ቁርጥማት አለብኝ።

ቁራጯን ወረቀት አራት ጊዜ አንብቤ አራት ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ለምን ሸጣቸው?» ብሎ ነው። «ያን ቀን የት ነበር?» ብሎ ከአንቺ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም።

የእህል ጎተራችን ውስጥ ነበር፣ ተቆልፎበት። የቆለፈችበት እናቴ ናት። ያሳበቅኩበት ደግሞ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጠዋት አልጋውን ሳነጥፍ ከትራሱ ሥር ሽጉጥ አየሁና ሮጬ ነገርኳት። እሷም ምንም ሳትል ምሳውን አበላችው፤ ከዚያ «ልጄ፣ እስቲ ሩዝ አውጣልኝ» ብላ ላከችው፣ ሲገባ በሩን ጥርቅም። ሲደበድብ፣ ሲለምን፣ ሲያለቅስ ዋለ። እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ታጸዳ ነበር፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልተነሣችም። አመሻሹ ላይ ፖሊስ ጓደኞቹን ጀልባ ቤቱ ውስጥ ከበባቸው። በሩ ሲከፈትለት ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

ከዚያ «አራቱ ተይዘው አምስተኛው እንዴት ቀረ?» ተባለ። በኋላ የሹሙ ወረቀት ተሰማ፤ ቡሮ ይላል። በቃ፣ ለአገሩ ሰው አለቀ።

ለምን አልተናገረም ትዪኛለሽ። ምን ብሎ ይናገር? «እናቴ ቆለፈችብኝ» ይበል? ለአገሩ ሊሞት የማለ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ? ከሃዲ መባሉን መረጠ! እኛንም አስማለን። ለአንቺ ስጽፍ መሐላዬን ማፍረሴ ነው። ነፍሱን ያተረፍኩትም ስሙን የገደልኩትም እኔ ነኝ፣ ሱታፓ፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ኩሬው ማዶ ያለው ቤት የማን ነው ላልሽው፣ የሃሪሻዳን ነው። የተሰቀለው የኒርማል ታናሽ ወንድም ነው፤ ድንጋዩን የሚጠብቀው ኮሚቴ ሊቀመንበርም እሱ ነው። በየቀኑ እንተያያለን። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አልፈርድበትም፤ ወንድሙን ነው ያጣው።

ለተዋናይሽ የሚረዳው ከሆነ ደግሞ፣ ቡሮ ረጅም ነው። ሲያስብ ጆሮውን ይጎትታል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ሻይ ያለ ሦስት ማንኪያ ስኳር አይጠጣም። አሳምሮ እንዲሠራው ንገሪው፤ ወንድሜ ቆንጆ ነው።

ሻይላባላ


ካልካታ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1983

ዲዲማ፣

ቁጭ ብለው ያንብቡ፣ እባክዎ።

ካሜራማናችን ኢላንጎ የሚባል የማድራስ ልጅ ነው። ቤንጋሊኛ የተማረው ግማሹን ከመጽሐፍ፣ ግማሹን ትራም ላይ ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር እንስቃለን። ቅዳሜ ዕለት የሹሙን ሪፖርት ለሁሉም ጮክ ብዬ ሳነብ እጁን አወጣና «ይቅርታ፣ የትኛው ሽማግሌ ነው የጠቆመው?» አለ።

ሳቅ በሳቅ ሆንን። «ሽማግሌ አይደለም አንተ! ስም ነው፣ የቤት ስም!»

«ሽማግሌ ብላችሁ ልጅ ትጠራላችሁ?»

«እንዴታ! የአጎቴ ልጅ ቡሮ ነው። የሷም ወንድም ቡሮ ነው።»

«እሺ፣ እናንተስ ታውቃላችሁ። ሹሙስ ያውቅ ነበር?»

ሪፖርቱን እንደገና ገለጥኩት። ዲዲማ፣ ሰውየው አገራችን ከገባ ሦስት ወሩ ነበር! በእንግሊዝኛው መሀል «ቡሮ» የምትለዋን ቃል እንዳለች ያስገባት ፖሊሶቹ ሲሉ ሰምቶ ነው። ለሱ ቡሮ ማለት ሽማግሌ ነው፣ ሌላ ምን ያውቃል? ቡሮ ሲባል ልጅ የሚታየን እኛ ነን፤ በየቤታችን አንድ አንድ ስላለን። ሃምሳ አንድ ዓመት ያንን መስመር ያነበቡት ሁሉ የኛ ሰዎች ስለሆኑ አንድም ሰው «የትኛው ሽማግሌ?» ብሎ አልጠየቀም። እኔንም ጨምሮ።

ገና ግምት ነው። ሰኞ ቤተ መዛግብት እገባለሁ፤ የዚያን ሹም ወረቀት አንድ በአንድ ሳላይ አልወጣም። እስከዚያ ለማንም አይንገሩ፤ በከንቱ ተስፋ ከሰጠሁዎት እንደ ገደልኩዎት ነው የምቆጥረው።

ሱታፓ

አንድ ነገር ረስቼ፦ «ሻይ አይጠጣም» ብለው ጽፈዋል። «ረጅም ነው»፣ «ቆንጆ ነው» ብለዋል። አንድም ቦታ «ነበር» አላሉም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰዋስው ያስተማሩ ሰው ነዎት።


ፓላሽዳንጋ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1983

ሱታፓ፣

ሰነዱን ፈልጊ። ስለ ሰነዱ ብቻ ጻፊልኝ።

ስለ ሻይ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ሰው ሲያረጅ ይሳሳታል።

ኢላንጎ ለሚባለው ልጅ የሚወደው ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ። የሚበላ ነገር ማለቴ ነው።

ሻይላባላ


ካልካታ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1984

ዲዲማ፣ ዲዲማ፣ ዲዲማ!

አገኘሁት! እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ቀይ እስክሪብቶዎን ያስቀምጡልኝ።

አራት ሳምንት አቧራ ስውጥ ከረምኩ። ሪፖርቱ ከተጻፈ አምስት ወር በኋላ ያው ሹም ለአለቃው የጻፈው ማመልከቻ ነው፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ለአንድ ሰው የጠመንጃ ፈቃድ ይሰጥልኝ ይላል። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ባለፈው የተማሪዎቹ ጉዳይ መረጃ ያቀበለን፣ የእኔ ሰዎች ቡሮ የሚሉት ይኸው ሰው ነው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ዓመት፣ ዓይኑም ደካማ ቢሆንም፣ ባለውለታችን ስለሆነ ጥያቄው ቢፈጸምለት።» ከሥሩ የሰውየው ሙሉ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ሰፈሩ ሳይቀር አለ።

ስድሳ ሦስት ዓመት! ወንድምዎ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር!

ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ጮኼ አስወጡኝ። ግድ የለኝም።

የክህደቱን ትዕይንት ጥለነዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስንጣላ ዋልን፤ ሁለት ልጆች ተኮራርፈው ሄዱ። «ፊልሙ ያለሱ ምን ይቀረዋል?» አሉኝ። ጎተራው ይቀረዋል፣ አልኳቸው፤ በሩ ላይ ዓሣ የምታጸዳ እናት ትቀረዋለች። እርስዎ ከፈቀዱ። የሽማግሌውንም ስም ከነአባቱ በትልቁ ጽፌ ነው የማሳየው። ሃምሳ አንድ ዓመት ያ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ እናንተ ፀሐይ ስትመቱ! ይወቀው አገሩ!

ኢላንጎ ዓሣ አይበላም፣ ጉድ ነው። የኮኮናት ጣፋጭ ግን አይጠላም።

ሱታፓዎ


ፓላሽዳንጋ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1984

ልጄ ሱታፓ፣

ግልባጩን ይዤ የእናቴና የአባቴ ፎቶግራፍ ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጎረቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ሮጣ መጣች። «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም!» አልኳት። ደስታ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ጎተራውን ፈቅጃለሁ። አሳባቂዋንም ልጅ ከነነገሯ አሳይያት፤ እኔን ማዳን የለብሽም።

የሽማግሌውን ስም ግን አትጽፊም። እንቢ ትዪኛለሽ፤ አውቄሻለሁ። ስሚኝ። ስሙን ከግልባጩ ሳላነብ በፊት ገምቼዋለሁ፤ በዚያ ዓመት ጠመንጃ አንግቶ ገበያ የወጣው ዓይነ ደካማ አንድ ብቻ ነው። ሞቷል። የልጅ ልጁ ጣፋጭ ትሸጣለች፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ታናሽቱን አስተምሬያታለሁ፤ የሒሳብ ማካፈል አይገባትም እንጂ ልቧ ወርቅ ነው። አንድ ስም በአንድ ቤት ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለበዓልም ለሠርግም የማይጠራ ቤት ምን እንደሚመስል አታውቂም። ለነዚያ ልጆች አልሰጣቸውም። ሽማግሌ መሆኑ ይታይ፤ ይበቃል።

አሁን ደግሞ የኔን ውሸት ልናዘዝ። ሰዋስው አልተሳሳትኩም። ቡሮ አለ። ባናራስ ውስጥ ሰዓት ይጠግናል፤ በ1934 ከዚህ ከወጣ ወዲህ አልተመለሰም፤ አባታችንም እናታችንም ሲሞቱ አልደረሰም። በየክረምቱ እሄዳለሁ፤ እዚህ ለቅዱሱ ወንዝ የምሳለም መስሏቸው ጻድቅ አድርገውኛል። አገሩ ሙት ነው ብሎ ይመን ብሎ አስማለኝ፤ ሁለተኛው መሐላ ይኸው ፈረሰ።

የላክሽውን ሁሉ ገልብጬ ላክሁለት። በፖስት ካርድ መለሰ፤ ሁለት መስመር ናት። «ለማድራሱ ልጅ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለመምጣት ግን ጊዜው አልፏል።»

የኮኮናቱን በቆርቆሮ አሽጌ ልኬያለሁ። ለኢላንጎ ነው፤ እናንተ እንዳትነኩት።

አያትሽ


ካልካታ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984

ዲዲማዬ፣

ተጠናቀቀ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይሆናል፤ ሁሉም አሳጥሪው ይለኛል፣ አላሳጥረውም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ብቻ ከጀርባው ይታያል፣ ጥላ ይዞ። አሥር ደብዳቤ ሙሉ ከተጨቃጨቁኝ በኋላ አሸንፈዋል፤ አሁን ሳየው ደግሞ ልክ ነዎት፤ ይህን መጻፌን ለማንም አይንገሩ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር፦ አዎ፣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ፓላሽዳንጋ ነው፤ ኦክቶበር 13፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አንሶላ ወጥረን። ርእሰ መምህሯ ተማሪዎ ስለነበረች «እሳቸው ካሉ አልከለክልም» ብላለች። ሃሪሻዳን ግን ሊያስቆም ወረዳ ድረስ ሄዷል። «የወንድሜን ደም ሸቀጥ አታድርጉት» አለኝ። የሹሙን ማመልከቻ ግልባጭ በፖስታ ላክሁለት፤ ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰልኝ። በመጨረሻ ትቶታል፤ ግን አልመጣም ብሏል። እፈራለሁ፣ ዲዲማ። ሰው ድንጋይ ቢወረውርስ? ዘወር ብሎ ቢሄድስ? ሦስት መቶ ልጅ ሁለት ዓመቱን የሰጠኝ ለዚች ምሽት ነው፣ እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን።

ባናራስ ድረስ ሄጄ የወንድምዎን እግር ልንካ? እርስዎ እንቢ ካሉ አልሄድም። ካላሉ ግን ትኬት ቆርጫለሁ።

ሱታፓዎ


ፓላሽዳንጋ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1984

ልጄ፣

ሌሊቱን ወደ ካልካታ መመለስ ስለነበረባችሁ ያላየሽውን ልጻፍልሽ። ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው ከባናራስ ያስነሣሽው? እኔ ሃምሳ ዓመት ለምኜ ያቃተኝን! ጠየቅኩት፤ ጆሮውን እየጎተተ «ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሰው ያያል፣ ምን ላድርግ» ብቻ ነው የሚለኝ።

ፊልሙን ከኋላ ቆሞ ነው ያየው፤ ወንበር ብሰጠው እንቢ አለ። ማንም አላወቀውም። የጎተራው በር ጥርቅም ሲል ሴቶቹ ሳቁ፣ ሰምተሻል? ቀጥሎ ልጁ በሩን ሲደበድብ ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። እናቴ የሆነችውን ልጅ አቅፌ መሳም እፈልጋለሁ፤ እጇ ልክ እንደዚያ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ወንድሜን ዞር ብዬ አየሁት። አፉን በመሐረቡ ይዞ ነበር። ድንጋይ የወረወረ የለም። ሲያልቅም ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሰዉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቀረ፤ አንቺ ደግሞ ያንን አይተሽ ወደቅን ብለሽ ማልቀስሽን ርእሰ መምህሯ ነገረችኝ። ሞኝ! ዝም ያሉት አፍረው ነው። ሲወጡ አንድ በአንድ በኔ በኩል እያለፉ እግሬን ነኩ፤ ጣፋጭ ሻጯ ሳትቀር። የአያቷ ስም አለመነሣቱን አላወቀችም፤ ምኑንም አታውቅም፤ አይወቁት።

ሃሪሻዳን አልመጣም ብሎ ነበር። ርእሰ መምህሯ እንደምትለው ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እስከ መጨረሻው አይቷል፤ ግልባጩንም ከሷ ተቀብሎ ሄዷል።

ትናንት ጠዋት ቡሮ ሻንጣውን ዘግቶ ተነሣ። የአራት ሰዓቱን ባቡር ልያዝ አለ። «አየሁት፤ በቃኝ፤ ሰላም ነኝ» አለኝ። ሻንጣውን ከእጁ ነጠቅሁት፤ መልሶ ነጠቀኝ፤ በዚህ ዕድሜያችን እንደ ልጆች ስንጓተት የውጭው በር ተንኳኳ።

ማንም አልገባም። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ ሰልሎ፣ ግን ልጆች ሆነን ወንዝ ሊዋኙ ሲሄዱ እንደሚጣሩት ዓይነት አጠራር ከደጅ መጣ።

«ቡሮ አለ?»

ሃሪሻዳን ነው። ወንድሜ አንገቱን አቀርቅሮ ደርቆ ቀረ፤ ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ የለም፣ የለም ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ኩሬው ማዶ እስኪሰማ ጮኼ መለስኩለት።

«አለ!»

አያትሽ ሻይላባላ